ሦስት ቀን

ስልክ አነሣለሁ እኔ፣ በኮሚሽኑ ቤት፣
አቤቱታ መዝጋቢ፣ ከጧት እስከ ምሽት።
ዛሬ በርናዲን ቮይቺክ ከኤሪ ደወሉ፣
«ልጄ፣ መብራቴን የሚሸጥልኝ ማን ነው?» አሉ።

ጎረምሳው በብርቱካናማ ጃኬት፣ በረዶ አራግፎ ገባ፤
ሂሳባቸውን አየና፣ «ተዘርፈዋል!» ሲል፣ ትንሽ ቀረው ሊያነባ።
ፈረሙ። ሦስት ወር ረከሰ። በአራተኛው ግን ዋጋው
ጣራ ነካና፣ የጡረታቸውን ቼክ ዋጠው ከነፖስታው።

«ሽቦው ያው ነው» አልኳቸው፣ «ምሰሶውም፣ ቆጣሪውም የድሮው፤
የተቀየረው ስም ብቻ ነው፣ ደረሰኙ አናት ላይ ያለው።
ሕጉ ሦስት ቀን ይሰጣል፣ በፊርማው ለሚጸጸት፤
የእርስዎ ሦስት ቀን አለፈ፣ ደብዳቤው ሳይከፈት።»

ዝም አሉ። ከበስተኋላቸው ማሞቂያው ሲያጉረመርም ሰማሁ፤
በዘጠና ገጹ ደንባችን ለዚህ ዝምታ አንቀጽ ፈለግሁ፣
አጣሁ።

«አርባ ሁለት ሻጭ አለ፣ ያወዳድሩ ይሉኛል» አሉ ኋላ፤
«እኔ ባል እንኳ ስመርጥ አላወዳደርኩም።
ዚግመንት መጣ፣ ዝናብ ነበር፣ ጥላ ያዘልኝ፤ በቃ።»

የመዝገብ ቁጥር ሰጠኋቸው፣ ስምንት አሃዝ፤
እርሳሳቸው ሲጭር ይሰማኛል፣ እየቆመ ሲጓዝ።
ከፊቴ፣ ግድግዳው ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ መፈክር
«ኃይሉ በእጅዎ ነው» ይላል፤
እጃቸው ግን የማሞቂያውን ቁልፍ
ወደ ታች የሚያዞር ይመስለኛል።

ማጉረምረሙ ቆመ።