ወራጅ አለ

መርከቧ ዘገየች፤ የምዕራብ ነፋስ ይዟት
ከኮራሉ አጥር ወዲያ ሦስት ቀን አቁሟት፣
አዲሶቹ ተመራጮች በሆዷ ታጭቀው
ከአሳማና ከኮኮናት ጎን ተኝተው፣ ታመው።
ዐሥራ ስድስት ወንበር ናት አገሬ ጠቅላላ፤
አንዱን አጥወልውሎት ከመርከብ ቢቀር
መንግሥቱ ሌላ ነው፣ ሌላ።

የፉናፉቲ ሹፌር ነኝ፤ ሎቶአላ ይሉኛል።
መንገዳችን አንድ ነው፤ በዚህም ባሕር፣ በዚያም ባሕር ይዘጋዋል።
ጠፍቼ አላውቅም።
አንዲት መኪና አለች፣ ባንዲራ የሚሰካባት፣
ጨው የበላው በሯን በዝናብ ውሃ የማጥባት፣
ፔኒኤሊን ሰባት ዓመት ያመላለስኩባት።

በአራተኛው ቀን መርከቧ ገባች።
ሰው ከአዳራሹ ደጅ ምንጣፍ አነጠፈ፤
ውስጥ ወረቀት ይታጠፋል፣ ውጭ ሕፃን ያለቅሳል።
ዘጠኝ ለሰባት።
ትናንት «ክቡር» ያለው ሬዲዮ
«ወረደ» አለ።

ቃሉን አውቀዋለሁ፤ የሥራዬ ቃል ነው፤
በቀን አራት ጊዜ በር እከፍታለሁ፣ ይወርዳል ሰውየው፤
ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ «ንዳ» ይላል፣ እነዳለሁ።
ወርዶ የማይመለስበትን በር ማን ከፍቶለት ይሆን እያልኩ
ባንዲራውን ነቀልኩ፣ አጠፍኩ፣
ደግሞ ዘረጋሁ።

ማለዳ ሴሉታ መጣች፣ የኒውታኦዋ አዋላጅ፤
ከመራጮቿ ግማሹን ወደዚህ ዓለም የተቀበለው እጅ
የፊቱን በር ከፈተ።
(ፔኒኤሊም ፊት ነበር የሚቀመጠው፤ ቁመቱን የኋላው አልበቃው ብሎ።)
«ወንበሩን ወደ ፊት ሳብልኝ» አለች፣
«እኔ አጭር ነኝ፤ ከኋላ ላለ ሰው ቦታ ይሁነው።»
ሳብኩት። እምቢ አለ።
እሷ ከፊት ጎተተች፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ፤
ሐዲዱን ጨው ነክሶታል፤
በአንድ ሰው ልክ ሰባት ዓመት የቆመ ወንበር
ከወለሉ ጋር አጥንት ሆኗል።
የኮኮናት ዘይት አፍስሰንበት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ
ሲጢጥ ብሎ ሄደ፣ ሁለት ጥርስ።
ከሥሩ መነጽር ወጣ።

ማታ ሙቀት ነው፤ ሰዉ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይተኛል፤
አስፋልቱ ሰፊ ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል።
ፈልጌ አገኘሁት፣ ጎረምሶቹ ኳስ ከሚጫወቱበት አለፍ ብሎ፣
በጀርባው፣ ጫማውን ተንተርሶ።
«መነጽርዎን» አልኩት።
«ሩቁስ ደህና ይታየኛል» አለ ሰማዩን እያየ፤
«የቸገረኝ ቅርቡ ነበር።»
«ከወንበሩ ሥር ነው የተገኘ። ተነቃነቀልን፣ ሁለት ጥርስ።»
ሳቀ። «እኔማ ወገቤን ሲያመኝ ስንቴ ታገልኩት፤
ላንተ መንገር ነው ያፈርኩት።»
ጠጋ አለልኝ። ከምንጣፉ ጫፍ ጋደም አልኩ።

ንጋት ላይ ሳይረኑ ጮኸ፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው፤
ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ውሻው፣
የወረደው፣ ያልወጣው፣
ምንጣፉን እየጠቀለለ ከአስፋልቱ ተነሣ።
ለአንድ ሰዓት ሴሉታን ማድረስ አለብኝ።
«ልሸኝዎ» አልኩት።
መኪናዋን አየ፤ ባንዲራዋን አየ፤
መነጽሩን አደረገ።
በእግሩ ሄደ፤ መንገዱ አንድ ነው፣
በዚህም ባሕር፣ በዚያም ባሕር።