ዓርብ አስተካክለዋለሁ

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ይመጣል፣ ይከርማል፣ ደኅና ሁኑ አይልም።
የወንዝ ልኬት ቢሮ፣ ቆርቆሮ ጣራው ሥር፣
ሚላራይ ለብቻዋ ከኮምፒውተሯ ጋር።
ካዬካዬ ወንዙ ከመስኮቱ ማዶ
እየሞላ ያልፋል ከተራራ ወርዶ።
ንጋት ላይ ጀልበኞች ግራፉን ይሻሉ፤
«ስንት ደረሰ?» ብለው ስልክ ይደውላሉ።

ኤዲተሯን በአዶው፣ በሥዕሉ ከፈተች፤
«አስኪድ» የሚለውን ቁልፉን ተጫነች።
መለሰላት በቀይ፣ በአንዲት አጭር መስመር፦
«ፕሮግራሙ አልተገኘም።» ሌላ ቃል ሳይጨምር።

አልተገኘም?
በተርሚናሉ ግን፣ በዚያ ጥቁር መስኮት፣
ያንኑ ስም ብትጠራ «አቤት» አላት በቅጽበት።
አንድ ማሽን፣ አንድ ስም፣ አንድ ሴት፣ አንድ ሌሊት፤
በአንዱ መስኮት «አለሁ»፣ በሌላው «የለሁበት»።

አጠፋችው፣ ጫነች። ደግማ አጠፋች፣ ጫነች።
ኮምፒውተሩን ዘግታ እንደገና አስነሣች፤
መላ ያጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች።
ማቴዋ ቀዘቀዘ።

ኋላ ግን መርገሙን ተወት አደረገችና
«የት የት ፈለግኸው?» አለች፣ «ንገረኝ ዘርዝርና።»
ኤዲተሩ ቆጠረ፦ አራት አጭር መንገድ፤
እንደ አዲስ ተቀጣሪ፣ ከዋናው ጎዳና ማዶ መሄድ የማይወድ።
ተርሚናሉን ጠየቀች፤ አሥራ አንድ ዘረዘረ፤
አሮጌ ፖስተኛ ነው፣ በየጉራንጉሩ ሲዞር የኖረ።

የአቃፊዎች ተርታ ነው መንገድ የሚሉት፣
በሁለት ነጥብ የተለየ፣ እንደ ብራና ቃላት፤
ቀድሞ የተጻፈው በር ቀድሞ ይንኳኳል፣
ቤቱ ሰው ባይኖርበትም እዚያ ይጠየቃል።
ተርሚናል ሲነሣ
መነሻ ፋይሉን ያነብባል፣ አንድም መስመር ሳይረሳ፤
ኤዲተሩ ግን በአዶው፣ በጓሮ በር ነው የገባ፤
ያላሳዩትን መንገድ በየት በኩል ይግባ?

ዋሽቶ አልነበረም።
«አልተገኘም» ያለው «እኔ በማውቀው» ማለቱ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ይኸ ፕሮግራም ራሱ፣
ተርሚናሉ ሲያገኘው፣ የማን ቤት ነው መድረሱ?
ብትጠይቅ አድራሻው ወጣ፣ በአንዲት ነጭ መስመር፤
ከቤቶች አቃፊ ውስጥ፣ ኤርዊን ከሚባለው በር።

ኤርዊን!
ባርኔጣውን ከመስቀያ ካነሣ ሦስት ዓመቱ፣
በራንኮ ሐይቅ ዳር፣ ከንቦች ጋር ነው ቤቱ።
«የእርሱ ፕሮግራም ቀረ፤ አዲሱ ነው» ተብሎ
ኬክ ተቆርሶ ነበር፣ ጭብጨባም ታክሎ።
አዲሱ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ አያውቅም ለካ!
ሦስት ክረምት ሙሉ ይህ ወንዝ የተለካ
በሌለው ሰው ነበር።

መነሻ ፋይሉን ከፈተች። የእርሱ መስመር ከላይ፣
ከአሥራ አንዱ ደጆች ሁሉ ቀድሞ የሚታይ፤
ከአናቱም ማስታወሻ፣ ማሽኑ የሚዘለው፣
ለኋላ ሰው ብቻ ብሎ ያስቀመጠው፦

«አትንኩት። ዓርብ አስተካክለዋለሁ።»

የትኛውን ዓርብ?
ቀን የለውም። ዓመትም የለውም።
ሳቋ አመለጣት። ከዓሣ ገበያው በኩል አንድ የባሕር አንበሳ
የመለሰላት ይመስል በዝናቡ መሐል አገሣ።

ጣቷ መሰረዣው ላይ አንዣበበ።
ታጥፋው? ጀልበኞቹ ሊደውሉ ሦስት ሰዓት ሲቀራቸው?
የኤርዊንን ደጅ ዘግታ፣ ማንን «ለካልን» ትበላቸው?

አልነካችውም።
በኤዲተሩ ቅንብር ውስጥ አድራሻውን ሙሉ ጻፈች፣
ከሥሩ እስከ ጫፉ። «ከእንግዲህ አትፈልግ፤ ይኸው ቤቱ» አለች።
ግራፉ ብቅ አለ፣ ሽቅብ እያቀና፤
ጀልባ ለሚያስሩ ሰዎች ጊዜ አለ ገና።

ካፖርቷን ደርባ፣ መብራቱን ልታጠፋ ስትል ተመለሰች፤
ፋይሉን ከፈተች፤
ከኤርዊን ቃል ሥር አንዲት መስመር ጨመረች፦

«እኔም። ዓርብ። ሚላራይ።»

ውጭ ቅዳሜ ሊነጋ ነበር።