የፊት እግር ሥራ

ሰማንያ ስትሞላ ይጀምራታል፤
ታፍኖ እንደተያዘ ንብ መሪው እጄ ላይ ያጉረመርማል፣
ክንዴን ይዞ ይንጠኛል፣ መስተዋቱ ይርገበገባል፣
ከኋላ ያለው ገመድና አካፋ ሳይቀር ይጨፍራል።
ፍሬን አልነካም። ነዳጁን ለቀቅ፣ ትንፋሼን ዋጥ፤
ስድሳ ላይ ይተዋታል፤
ምንም እንዳልሰረቀች ድመት፣ ዓይኗን ፍጥጥ።

ፓትሮሏን ያስረዘማት አባቴ ነው፣ እኔ የተወለድኩ ክረምት፤
ረጅም ሞላ ሰክቶ፣ የበርሜል ያህል ጎማ አጥልቆላት፣
የበረዶው ግግር ላይ እንድትንሳፈፍ እንጂ እንዳትሰምጥ ብሎ።
የሆፕን ሰው ወጥቶ አያት፣ ቄሱ ሳይቀር፣ አንገቱን ሰቅሎ።
ቶርግሪሙር ቁመት ሰጣት። ክንዷን ግን ረሳው፤
የድሮው አጭር ብራቾ እየተንጠራራ ኖረ፣
የላይኛውን መደርደሪያ በጣቱ ጫፍ እንደሚዳብስ ሰው።

ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ውጭው ጨልሟል።
ጋራዡ ውስጥ ክሪኩ ወጥቷል፣ ጎማው ወርዷል፣
አዲሱ ብራቾ ከሬይካቪክ መጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል፤
የስንት ሺህ ዓሣ ሆድ ቀድጄ እንደገዛሁት እጄ ሽታውን ያውቃል።

አባቴ የዓሣ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ።
«ሠላሳ ዓመት ያደረሰን ብረት ምን ጎደለው?»
«ያንተንስ ዳሌ ሐኪሙ ለምን ቀየረው?»
ዝም አለ። ዝም ሲል ያምርበታል፤ ግን አይበረክትለትም።
«ሃልቤራ፣ ቁልፉን እንዲያ አይያዝም።»

ቡሎኑ እምቢ አለ። ጨውና ዝገት ለሻንሲው ድረውታል።
ዘይት ረጨሁት፣ እሳት አሳየሁት፣ በመዶሻ መከርኩት፣
የማይጻፍ ቃል ጨመርኩለት፤
በአራተኛው ስድብ ጮኾ ወጣ።
ጎሚኒው እጄ ላይ እንደ ከሰል ተፈረፈረ።
ከሥሩ፣ ማቀፊያው ላይ፣ አንድ የብየዳ ጠባሳ ነበረ፤
ወፍራም፣ ጠማማ፣ ብርድ ባንቀጠቀጠው እጅ የተቋጠረ።
«ይሄ መቼ ነው?»

ሳጥኑ ላይ ተመቻቸ። ክረምቶቹን ቆጠረ።
«ሁለቱ ጀርመኖች ግግሩ ላይ የጠፉ ለት ነው። ማቀፊያው ተገነጠለ።
ሁለት ባትሪ አያይዤ፣ ጃኬቴን ለነፋሱ አጥር አድርጌ በየድኩት፤
ከዚያ በሃያ፣ በሃያ እየነዳሁ፣ ሲነጋ ሐኪም ቤት አደረስኳቸው።
በሃያ አትንቀጠቀጥም።
ለእናትሽ አልነገርኳትም።»

መፍጫውን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። እንደገና አነሳሁ፤
ይህን የመሰለ ጠባሳ በምን አንጀት እቆርጣለሁ?
«ቁረጪው» አለ። «እኔ ለአንድ ሌሊት ነበር የበየድኩት፤
ሠላሳ ዓመት ማን አቆየው? እኔው ነኝ የረሳሁት።»
ብልጭታው ግድግዳውን ሞላ። ፊቱን አላዞረም።

አዲሱ ማቀፊያ ተበየደ፤ ብራቾው ገባ፣ ሾኩ ተሰቀለ፣
ወዝ የጠገበ ቴስቲና በየቦታው ተቀመጠ።
ቡሎኑን ላጠብቅ ስል፣ «ቆዪ!
ጎሚኒ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ተጣሞ ይሞታል፤
መጀመሪያ በራሷ ክብደት መሬት ትርገጥ፤ ያኔ ይጠብቃል።»
አወረድኳት። ሐኪሙ የከለከለውን ሁሉ አድርጎ ከሥሯ ገባ፤
ቦት ጫማው ብቻ ውጭ ቀረ።
የመጨረሻው ዙር የእሱ ነበር። ቁልፉ ቀጭ አለ።

ሌሊት ወጣን። ድልድዩን አለፍን። ሜዳው ተዘረጋ።
ሰባ። ሰባ አምስት።
ክንዴ ከልማዱ ጠነከረ፣ የሚመጣውን ጠበቀ።
ሰማንያ።
ሰማንያ አምስት።
ገመዱ ዝም። አካፋው ዝም። መሪው እጄ ላይ ያለ አይመስልም።
አንድ ጣት ለቀቅኩ። ከዚያ አምስቱን።
አባቴ ጨለማውን እያየ ብዙ ቆየ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣
«ወደ ግራ ትንሽ ትስባለች» አለ።