ሠላሳ ዘጠኝ ጧፍ

ሰፈፉን በድስት ጣድሁት ከነውሃው፣
ማሩ ተጨምቆ የቀረ ገለባው፤
የንብ እግር፣ የንብ ክንፍ፣ ጭቃና ቅጠሉ
ሁሉም ባንድ አረፋ ይንተከተካሉ።
አንጓች ብትኖር ኖሮ «እሳቱን ቀንሰው፤
ሰም ቁጣ አይወድም፣ ይከፋል እንደ ሰው»
ትለኝ ነበር ቆማ። አሁን ግን የለችም፤
ድስቱ ገነፈለ፣ የጮኸብኝ የለም።

ማጥለያ ጨርቅ የለም። ሳጥኗን ከፈትሁት፤
ነጠላዋን አየሁ፣ መልሼ ዘጋሁት፤
ደግሞ ከፈትሁት።
ይቅር በይኝ አንጓች፣ ባንዱ ጫፍ አጠለልሁት።

በማግስቱ ሰሙን ረግቶ አገኘሁት፤
ክብ ነው፣ ቢጫ ነው። ከድስቱ ፈነቀልሁት።
አሸተትሁት፦
የጥቅምት የኑግ ማሳ፣ የመችና የአደይ፣
ከፈረስ ቤት በታች፣ ከቀፎው ዛፍ ላይ
እኔ ሳጨስ ከላይ፣ እሷ ከታች ስትስቅ፤
«ነደፈህ?» «ኧረ እኔን!» ፊቴ አብጦ እስኪታወቅ።
ባገራችን ቅኔ ሰሙን ልጠው ጥለው
ወርቁን ነው የሚሹ። እኔ ግን ሰሙን ነው።

ስለቱ የሷ ነው። የዝና ታማ ጊዜ
«አርባ ጧፍ በእጄ» አለች በዚያ ትካዜ።
ልጅ ዳነች፤ እናት ግን ሳታደርስ ሄደች፣
ዕዳዋን ሞፈር ለለመደ ጣት ተወች።

ፈትሉም የሷው ነው፣ ከእንዝርቷ የቀረ፤
ሳከርረው ላላ፣ ሳላላው ከረረ።
በቀለጠው ሰም ውስጥ ነክሬ አወጣሁ፣
በመዳፌና በሰሌዳው መሃል አሽከረከርሁ፤
አንዱ ወፍሮ ወጣ፣ አንዱ ጎበጠብኝ፣
አንዱ ወደ ዓባይ እንደሚወርድ መንገድ
ተጠማዘዘብኝ።

ጎረቤቴ እንየው አይቶኝ ተሳለቀ፦
«ሞራ ጣል አድርግበት፣ ስልሳ ይወጣል፤ ማን አወቀ?»
«አንጓች» አልሁት።
በትሩን አነሳ። ደህና እደርም ሳይለኝ ወጣ።

ቆጠርሁ፦ ልክ አርባ።
ያን ለት ማታ መብራቱ ጠፋ።
የዝና ፈተናዋ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣
ስልኳም ከቀትር ጀምሮ ሞቷል።
ደብተሯን እንደያዘች ጨለማው ውስጥ ተቀመጠች።
አልጠየቀችኝም፤
ጧፉ የማን እንደሆነ ታውቃለች።
እኔም አላመነታሁ።
ዋሸሁ፤ አመነታሁ።
ከዚያ ከጎባጦቹ አንዱን መርጬ አበራሁ።

«ምንድን ነው የምታነቢው?»
«ስለ ብርሃን ነው፣ አባዬ። ስለ መታጠፉ።»
ጧፌን አየሁትና ሳቄ አመለጠኝ፤
እሷም ቀና ብላ አይታው ሳቀችብኝ፤
ካመት ወዲህ እዚህ ቤት ሁለት ሰው ሲስቅ
ይህ መጀመሪያው ነው።
እስኪነጋ ነደደ አልልም፤ ጧፍ ነው፤
ነደደ እስከ ገጽ ስድሳ።

እሁድ ቄሰ ገበዙ ቆጠሩት፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ፦
«ሠላሳ ዘጠኝ።»
«ሠላሳ ዘጠኝ» አልሁ እኔም፣ ዓይኔን ሳልነቅል ከእጃቸው።
ምንም አላሉ። ከሁሉ ጠማማውን መዘው
አስቀድመው ለኮሱት።

ቤት ገብቼ ነጠላዋን በእንዶድ ባጥበው፣ ባሸው
ሰሙ አልለቅ አለ።
ጫፉ እንደ ብራና ደርቋል፣ ማር ማር ይሸታል።
አጥፌ ወደ ሳጥኗ መለስሁት።

አንጓች ሆይ፣
አንድ ጧፍ ይቀረኛል።
ኑጉ ሲያብብ እሠራዋለሁ።
ካልሆነም በሚቀጥለው ኑግ።
ከሰው ጋር ሒሳብ የተዘጋ ለት
ምን ብሎ ደጁን ያንኳኳሉ?