አንድ መስመር

በድሬ ከተማ «እርስዎ» አይባልም፣
ከከዚራ መጋላ አንቱታ አይታወቅም፤
ዳኛውም «አንተ» ነው፣ ሼኹም «አንተ» ነው፣
እኔንም «አክመል!» ነው የሚሉኝ፣ ያደግሁበት ነው።

ምንታምር ግን መጣች ከደጋው ተነሥታ፣
«እርስዎ»ን እንደ ሹራብ በሻንጣ ከትታ።

ሦስት ነበሩ ዘንድሮ፣ ለልምምድ የተላኩልን፣
ሮብሌ፣ ነጅማ፣ እሷ፤ አንዲት ማይክሮስኮፕ ለአራታችን፤
ሁለተኛዋማ አምፖሏ ተቃጥሎ፣
ደብዳቤዋ ግዢ ክፍል ተኝቷል ተጠቅልሎ።

የማስተምረው ያው ነው፣ ዓመት ዓመት ያንኑ፦
ጣት ሳትወጉ ስም ጠይቁ፣ ከካርዱ ጋር ይመዘኑ፤
ጊምሳው ዐሥር ደቂቃ ይቁም፣ ሰዓት እዩ፣ አትገምቱ፤
መቶ ፊልድ ሳትቆጥሩ «የለም» ለማለት አትከጅሉ፣
«የለም» ከ«አለ» ይከብዳል፣ ይህን ልብ በሉ።
መዝገብ ላይ ከተሳሳታችሁ አትፋቁ፣ አትደልዙ፣
በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዙ፤
ከሥሩ ያለው ይነበብ። ፈርሙበት፣ ቀን ጻፉበት፣
ስሕተት አይቀበርም እዚህ ቤት።

ደቻቱ ሞልቶ ሄዶ አሸዋው ሲመለስ፣
ኩሬው ሲቀር፣ ትንኝ ኩሬው ላይ ሲነግሥ፣
ወረፋችን ከበሩ አልፎ ኒሙ ሥር ሲደርስ፣
ስልሳ ሁለት ናሙና ገባ ከጠዋት እስከ ቀትር።
ማራገቢያው ቆሟል። ላብ መነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል።
ሃምሳ ሰባተኛው የኢፍናን ነው፣ የአምስት ዓመት ልጅ፤
አየሁ፣ አዞርሁ፣ አየሁ፣
«አልታየም» ብዬ ጻፍሁ፣
ፈረምሁ፣ ወደ ቀጣዩ አለፍሁ።
ስንት ፊልድ ነበር? ሠላሳ? አርባ? አላህ ይወቀው፤
እጄ ሥራውን ያውቃል ብዬ ለእጄ ነው የተውሁት።

እኔ ያነበብሁትን ደግማ ታነባለች ምንታምር፣ ለልምምድ፤
የቆጣሪዋ ጠቅታ ይሰማኛል፣ እንደ ጠብታ ሲወርድ።
ቆመ።
እንደገና ጀመረ። ቆመ።
እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣
ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል በአፏ ይዛ ተቀመጠች።
«ተሳስተዋል» እንዴት ይባላል በአንቱታ?
ሮብሌ ቢሆን ኖሮ ከበሩ ይጮህ ነበር፦
«አክመል! ዐይንህን ዛሬ የት ጥለኸው መጣህ?»

በመጨረሻ ተነሣች። «ጋሼ... ይቅርታ...
አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ። የቀለም ዝቃጭ ሊሆን ይችላል።»

ሰማንያ ዘጠነኛው ፊልድ ላይ ነበረች፣ ብቻዋን፣
ሰማያዊ ቀለበት፣ ከቀይ ፈርጥ ጋር፣
ማንም ለማንም የማያጠልቃት።

«እናትየዋስ?» አልሁ፤ ሄዳለች ብዬ ጉልበቴ ከዳኝ።
ሮብሌ ሮጠ፣ ነጅማ በመስኮት ተጣራች።
ኒሙ ሥር ነበረች፤
ልጇን በሻሿ ጫፍ እያራገበች፣
ፀሐዩ እስኪበርድ ብላ ተቀምጣ።
ጠዋት ማታ የምናማርረው ያ የድሬ ፀሐይ
ያን ቀን ጠብቆ አቆያት፣ የእኔን ሥራ ሠርቶ።

መዝገቡን ከፈትሁ፣ ሦስቱንም ጠርቼ፣
«አልታየም» የሚለው ላይ አንድ መስመር ሰነዘርሁ።
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መስመር ያቃናሁ ሰው
የራሴ ሲሆን ተጣመመብኝ።
ከጎኑ «ታይቷል»። ፊርማ። ቀን።
ላየው ሰው ስም መዝገቡ ዐምድ የለውም፤
ጠርዙ ላይ ጻፍሁት፦ ምንታምር።

«አሁን በዪኝ» አልኋት።
«ምን ልበልዎ?»
«ተሳስተሃል በዪኝ፤ ይህን ሳትዪ ከዚህ አትመረቂም።»
ሮብሌ ሳቁን በጓንቱ አፈነ፣
ነጅማ ክርኗን ጎሸም አደረገቻት።
ጣሪያውን አየች፣ የቆመውን ማራገቢያ አየች፣
«ተሳስተ...» አለች፣
ምራቋን ዋጠች፣
«ተሳስተዋል።»

ይሁን፤ ሹራብም ሲወልቅ አንገት ላይ ነው የሚጠብቅ።
ስልሳ ሦስተኛው ስላይድ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ገና ሳይደርቅ።