የአንድ ደቂቃ ቤንዚን

ላንድሮቨራችን ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች፤
በሊብሬዋ ቁጥር ናት፣ እኛ ቤት ዳለቻ ትባላለች።
አባቴ፣ ሾፌር ይመር፣ ወባ ረጪዎች ጭኖባት
ጨፋን በክረምት አቋርጧል፣ ቦርከና በሯን ሲያንኳኳባት።
መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጣት
ጡረታውን ቆጥሮ ገዛት፤
እናቴ ይህን ስታወራ ዛሬም ድምፅዋ ይወፍራል።

ቤንዚን ትወዳለች። መውደድ ብቻ አይባልም፤
ሀረጎን አንዴ ወጥታ የምታስተርፈው የለም።
የዘንድሮ ወረፋ ከማደያው ተነሥቶ ሸዋ በርን ሲያልፍ
ሁለት ሌሊት መሪ ተንተርሼ አደርኩ፤ ሦስተኛው ሲነጋ
በቀረችኝ ጠብታና በቁልቁለቱ ውለታ
ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ጦይብ ጋ።

ጦይብ ኮፋኖውን ከፍቶ ዝም አለ።
ሐኪም ዝም ሲል ነው የሚያስፈራ።
«ጋዝ እናስለምዳት» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«እንደ ጊደር ናት፣ አንድ ቀን ትራገጣለች፣ ከዚያ በኋላ ትገራለች።»

የሉባባን ቦምቦላ ከወጥ ቤት አንሥቼ ይዤ ነበር።
ሳቀብኝ።
«ለድስት የተሠራ ለመንገድ አይሆንም፣
ምስሯን ሳትጥድ መልስላት፣ ኋላ እኔን እንዳትረግም።»
ከጓሮው ወፍራም ታንከር አወጣ፣ ግንባሩ ላይ ማኅተም ያለበት፣
ከኋላ ወንበር ሥር በአራት ብሎን አሰረበት።

ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ።
ሬጉሌተሩን ሲያስር «ይሄ ይበርደዋል» አለ፣ «የራዲያተር ሙቅ ውሃ ካልዞረበት።»
በኮምቦልቻ ሚያዝያ? አላመንኩትም።
ውሃውን ዘግቶ አስነሣልኝ።
ቆርቆሮው እጅ በሚልጥበት ጠራራ
ብረቱ ላይ ውርጭ አበበ፣ ነጭ፣
በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት።

ረዳቱ ዳውዴ የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይቀባል፣
በየመገጣጠሚያው ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል።
«ደህና ቧንቧ ዝም ይላል፣
አረፋው ካበጠ ሐሜተኛ አለ።»
አንዲት ብሎን ስታማን አገኛት፤
ሩብ ዙር ቢያጠብቃት አፏን ያዘች።

ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ የለውም አሉ፤
ሰው እንዲሸሸው ብለው ሆነ ብለው ያከረፉታል።
ይህን ሰምቼ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ፣
ሳይሸተኝ የገባሁበት።

ሀረጎን ስንወጣ ጉልበቷ ቀነሰ፣ አልዋሽም።
አንድ የተጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈን።
በሁለተኛ ማርሽ፣ እንደ ጾመኛ አዝጋሚ፣
ግን ጭስ የለ፣ ሳል የለ፤
ሞተሩ ሲሠራ የራሴን ወንበር ሲጥጥ ስሰማው
ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጥጥ ኖሯል።

አባቴ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው አምስት ዓመቱ።
ሆጤ፣ የግቢያችን በር ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።
ዳለቻን ከሩቅ በጠረኗ ነበር የሚያውቃት።
አጠገቡ አቆምኩ።
«የማን መኪና ናት?»
«ዳለቻ ናት፣ አባ።»
«ዳለቻ ወጥ ቤት ወጥ ቤት አትሸትም» አለኝና
ፊቱን ወደ ጦሳ አዞረ።

ያን ማታ እራቱን አልበላም።
አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት፦
መሪው ሥር አንዲት ማብሪያ አለች፣
ወደ ግራ ቤንዚን፣ ወደ ቀኝ ጋዝ፤
የደሴ ብርድ ጋዙን ስለሚያሰንፈው
ጠዋት ለማስነሻ ጥቂት ቤንዚን ትቀምሳለች፣
እስክትሞቅ፣ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።
«አንድ ደቂቃ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

አሁን ጎሕ ሲቀድ፣ ጉሙ ከጦሳ ሳይወርድ፣
ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወጣል፤
ከኋላዋ፣ ከጭስ ማውጫው ፈንጠር ብሎ ይቆማል።
ቁልፉን አዞራለሁ።
ታስላለች፣ ታጉረመርማለች፣ ያ የጥንቱ ጠረን ግቢውን ይሞላል።
በዚያች ደቂቃ የት እንደሚደርስ አላውቅም፣
ጨፋ ይሁን፣ ባቲ ይሁን፣ ውሃው በር የሚያንኳኳበት ቦታ ይሁን፤
እኔም ጠይቄው አላውቅም።
ሲመለስ ቆርቆሮዋን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ
«በል» ይለኛል፣ «ቀይር።»