የነጣ ወረቀት

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ደንዲ ከተማ ላይ ዝናቡ አግድም ይዘንባል፤
ከባንኮኒው ኋላ ቆሜያለሁ፤ ደረቴ ላይ «ፈርገስ» ይላል።
ከስሜ በታች ደግሞ «ልርዳዎት?» የሚል ቃል፤
ቃሉ የድርጅቱ ነው፤ እኔን ማን ጠይቆኛል?

የማይግል ካውያ፣ አቧራ የማይስብ መጥረጊያ፣
በሩ የማይገጥም ፍሪጅ፣ የሚያንኮራፋ ማራገቢያ፣
ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ፣
የሁለት ቀን ሥልጠና ከነሳንድዊቹ ያስጠናኝ፦
«ያለ ደረሰኝ አንችልም፤ አምራቹን ያነጋግሩ።»
ይህን የሰሙ ሁሉ ዕቃቸውን ታቅፈው ወደ ዝናቡ ዞሩ።

ኤልስፔት ገባች።
ኮፍያዋን አራገፈች፤ ውሃው ባንኮኒዬ ላይ ተንጠባጠበ፤
አልተቆጣች፣ አልለመነች፤ ዓይኗ ስሜን አነበበ።
«ልብስ ማጠቢያዬ ሞተ» አለች፣ «ሐሙስ ማታ፣ ውሃ እንደሞላ፤
በሩን ቆልፎ ነው የሞተው፤ ጃኬቴ ሆዱ ውስጥ ነው፣ ቢጫው፤ ሌላ
የለኝም።»

የትምህርት ቤት ልጆች አሻጋሪ ናት፤ በአንድ እጇ ክብ ምልክት፣
በሌላው መዳፏን ዘርግታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት
የጭነት መኪና ስታቆም የኖረች።
እኔንም አሻግራኛለች፤ ያኔ ቦርሳዬ ከእኔ ሲበልጥ፤
አላወቀችኝም። እኔም ዝም አልኩ፤ ምኑን ልግለጥ?

«ደረሰኝ?» አልኳት።
«አለኝ» አለች፤ የተጣጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች፤
ዘረጋችው፤ ነጭ ነው፤ ግራ ቀኙን ገለበጠች።
ሙቀት የጻፈው ነበርና፣ ሙቀት መልሶ በላው፤
ከማሞቂያው በላይ ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ክረምቱን ያሳለፈው።
«እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» አለች፣ «ያጠፋሁት።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ ይባል ነበር፤
ምን ይወርሳል ወራሹ፣ ከዚህች ከጣት ከማትረዝም ነጭ በቀር?

ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ሚስተር ጋልብሬዝ፣ ፈገግታው ቀድሞት፦
«ወይዘሮ፣ ይህ ደረሰኝ አይባልም፤ ዋስትናውም አንድ ዓመት
ብቻ ነው፤ እንዳሉት ከሆነ፣ አልፎታል በሁለት ወር፤
አምራቹን ያናግሩ፤ እኛ ዘንድ የለም ሌላ ነገ—»

ኤልስፔት መዳፏን አነሣች፤
ቀስ ብላ፣ አስፋልት ላይ እንደምታደርገው፤
የጋልብሬዝ አፍ ፍሬን ያዘ፣ ቃሉን ግማሽ እንደተናገረው።

«ገንዘቤን የተቀበለኝ ማን ነው? ፋብሪካው ነው ወይስ አንተ?
ፋብሪካውን የት አውቄው፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደመሠረተ!
ውሌ ከዚህ ባንኮኒ ጋር ነው። ዋስትናው የፋብሪካው ስጦታ ነው፤
ሕጉ ግን የማንም ስጦታ አይደለም፤ የእኔ የራሴ ነው።
ዓመት ከሁለት ወር ነው እንዴ፣ የማጠቢያ ዕድሜ ልኩ?
የእናቴ ሃያ ዓመት አጥቧል፤ የጣልነውም አስጠልቶን ነው፣ በመልኩ!
ወረቀቱ ነጣ እንጂ፣ ግዢው አልነጣም፤
ሕጉ መግዛትሽን አስረጂ ይላል፤ በየትኛው ወረቀት አይልም።»

ሌላ ወረቀት ዘረጋች፣ ከባንክ የመጣ፤
የአምናው ማርች ዘጠኝ፣ የሱቃችን ስም፣ ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ፓውንድ የወጣ፤
በቢጫ አስምራበታለች።

ጋልብሬዝ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ፤
ያው ሕግ፣ በአንድ ገጽ ታትሞ፣ ከባንኮኒዬ ሥር እንዳለ አውቃለሁ፤
«ካልተጠየቃችሁ አታውጡት» ብለው ሰጥተውናል።
ስንት ካውያ፣ ስንት ሰው ወደ ዝናብ ሸኝቻለሁ? ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ዓርብ ዕለት ጠጋኝ ሄደ፤ ፓምፕ ቀየረ፤ ሳንቲም አልከፈለች፤
ጃኬቱ ሲወጣ የሻገተ ሣር ይሸት ነበር አሉ፤ ሦስት ጊዜ አጠበች።

እኔ ያን ማክሰኞ ማታ፣ የሱቁን መሳቢያ ሳልዘጋው ወጣሁ፤
ቤቴ ደግሞ የራሴን ከፍቼ፣ አንድ በአንድ ዘረጋሁ፦
የምድጃው — ነጭ።
የቴሌቪዥኑ — ነጭ።
የእናቴ የጆሮ መሣሪያ፣ በስንት ብድር የገዛሁት፣
እሱም ነጭ፤ ግን ወደ አምፖሉ አስጠግቼ ሳዘነብለው፣ ከግርጌው ያየሁት
አንድ ቃል ቀርቷል፣ ዋጋው ሄዶ፣ ቀኑ ሄዶ፣ የሻጩ ስም ሄዶ፦
«እናመሰግናለን።»